ሐኪም ሳይደርስ የደረሰ መድኃኒት፦ አንቲባዮቲክ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

የመድኃኒቱን መጠን የሚወስነው ዘንግ ነበር። ዘንጉ ላይ በየከፍታው መስመር ተሰምሯል። ልጁ ጀርባውን አስደግፎ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አዳዩ የልጁ አናት የደረሰበትን መስመር አይቶ ስንት ሚሊ ሊትር ሽሮፕ ወይም ስንት ፍሬ ኪኒን እንደሚገባው ያውቃል። አዋቂ ከሆነ ባለ 250 ሚሊ ግራሙን ፍሬ አራቱን በአንድ ጊዜ ይውጣል። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ደግሞ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ለእናቱ ይሰጣታል። ሚዛን የለም፤ ካርድ የለም፤ «ምንህን ያምሃል?» ብሎ የሚጠይቅም የለም። ጤነኛውም ታማሚውም እኩል ይሰለፋል።

መድኃኒቱ አዚትሮማይሲን ነው። ይኸው መድኃኒት ሆስፒታል ሲገባ ሌላ ሕግ ይገዛዋል፦ ሐኪም መርምሮ ማዘዣ ይጽፋል፣ ፋርማሲስት ማዘዣውን አይቶ ያድላል፣ የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ አጠቃቀሙን ይከታተላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት ወገን ሲከፍል አዚትሮማይሲንን ያኖረው ጀርሞች ቶሎ ሊለምዷቸው ስለሚችሉ አጠቃቀማቸው በቅርብ ሊጠበቅ ይገባል ካላቸው መካከል ነው። ለየዕለቱ ሕመም በቀዳሚነት እንዲታዘዙ ከፈቀዳቸው፣ ለምሳሌ ከአሞክሲሲሊን፣ ለይቶታል።

ስለ ድሀ አገር ሆስፒታሎች የአንቲባዮቲክ አጠቃቀም የሚጻፈው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከሐኪሙ ብዕር ነው። ሐኪሙ ያለ በቂ ምክንያት አዘዘ፣ ከሚገባው በላይ አዘዘ፣ ቀላሉ ሲበቃ ከባዱን አዘዘ ይባላል። የምሥራቅ ደቡብ ጎንደርን ሰነድ የሚያገላብጥ ሰው ግን ታሪኩ ከሐኪም ብዕር እንዳልጀመረ ያያል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አንቲባዮቲክ በየደጃፉ የተዳረሰው ዛሬ በየወረዳው ከተማ የምናያቸው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ሥራቸውን ሳያደላድሉ ነው። መድኃኒቱን ማን ይስጥ የሚለው ጥያቄም ደጋግሞ የተመለሰው ሐኪም በሌለበት ነው።

አገሩ ለዚህ ምክንያት ይሆናል። ከጉና ተራራ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ሲወረድ ደጋው በሸለቆ እየተሰነጣጠቀ እስከ አባይና እስከ በሽሎ ገደል ይደርሳል። በቤጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ዘመን ጋይንት ራሱን የቻለ አውራጃ ነበር። ዛሬ ላይ ጋይንት ነፋስ መውጫን፣ ታች ጋይንት አርብ ገበያን፣ ስማዳ ወገዳን፣ እስቴ መካነ ኢየሱስን ማዕከል አድርገው በየወረዳቸው ይተዳደራሉ። ቻይናዎች የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ሲያልፍ ስማዳንና እስቴን ወደ ጎን ትቷቸው ነው የሄደው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ስማዳና ላይ ጋይንት እያንዳንዳቸው ከ200 ሺህ በላይ ሰው ነበራቸው። በአውሮፓ ቢሆን ይህን ያህል ሕዝብ የራሱ ትልቅ ሆስፒታል ይኖረው ነበር። እዚህ ግን ከበድ ያለ ሕመም የያዘው ሰው በወሳንሳ ተሸክመው ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ጎንደር ይወስዱት ነበር።

መንግሥት ይህን ክፍተት ለመሙላት ያሰበው መጀመሪያ በሐኪም አልነበረም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ዓላማው የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ማውረድ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት የረዱት ይህ ትምህርት ቤት ለሕዝቡ ጥቂት ሐኪሞች ከሚሰጡት ይልቅ ብዙ መካከለኛ ባለሙያዎች የሚሰጡት ይበልጣል ከሚል እምነት የተነሣ ነው። ኮሌጁ ገና በሕፃንነቱ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ በአገሪቱ ደጋ ቀመስ ቦታዎች ሳይቀር የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል፤ ያ ዘመን የተማረ ባለሙያ በገጠር ምን ያህል እንዳነሰ ያጋለጠ ነበር። በጤና መኮንኑ ሥር ደግሞ ድሬሰሩ ነበር። ድሬሰር ቁስል ያጥባል፣ ያሽጋል፣ መርፌ ይወጋል። ለብዙው የገጠር ሰው «ሐኪም» ማለት እሱ ነበር፤ ጡረታ ወጥቶም ቢሆን ጎረቤት በሌሊት የሚያንኳኳው የእሱን በር ነው።

ፔኒሲሊን በዚህ እጅ በኩል ነው ወደ ገጠሩ የዘለቀው። ቂጥኝን ለመሰለ፣ ቀድሞ በሜርኩሪና በልዩ ልዩ ሥር ለሚታከም ደዌ፣ መርፌው ያመጣው ለውጥ ፈጣን ስለነበረ የመርፌ ዝና ከኪኒን ዝና እጅግ ከፍ ብሎ ቀረ። ሽማግሌዎች ዛሬም ኪኒን ብቻ ተሰጥቷቸው ሲወጡ እንዳልታከሙ ይቆጥሩታል። ቀጥሎ የመጣው የቴትራሳይክሊንና የአምፒሲሊን ፍሬ ነው፤ ይህኛው ከገጠር መድኃኒት ቤት፣ ከሱቅ፣ አንዳንዴም ከገበያ መደብ በፍሬ ይገዛል። የቴትራሳይክሊኑን ሽፋን ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ በመላ አገሪቱ የታወቀ ልማድ ሆነ። ይህን ልማድ እንደ ድንቁርና የሚያዩት አሉ፤ እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። የመድኃኒቱን ኃይል ሰዎች በዓይናቸው አይተዋል፤ ያላገኙት ኃይሉን የሚገድብላቸውን ሰው ነው።

ሕጉ በኋላ መጣ። አዋጅ ቁጥር 176/1991 የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ በሐኪም ማዘዣ የሚሰጡ መድኃኒቶች ያለ ማዘዣ እንዳይሸጡም ደነገገ። አዋጅ ቁጥር 661/2002 ተካው፤ እሱንም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከተለው። ባለሥልጣኑ የሕክምና መመሪያ አሳትሟል፣ የመድኃኒት መላመድን የሚመለከት ስልትም አውጥቷል። በወረቀት ደረጃ የሚጎድል ነገር እምብዛም አልነበረም። ይሁንና የመጀመሪያው አዋጅ በታተመ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአማራ ክልል በሚሊዮን ለሚቆጠር ሕዝብ አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ መታደል ጀመረ። የሚያድለውም ራሱ የጤና ቢሮው ነበር፤ ምክንያቱም የዓይን ማዝ፣ ማለትም ትራኮማ፣ ነበር።

የዓይን ማዝ በደቡብ ጎንደር እንግዳ አልነበረም። ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለው ባክቴሪያ በዝንብ፣ በእጅና በጨርቅ ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ እናት ይተላለፋል። ሲደጋገም የላይኛው ቆብ ውስጡ ይጠባሰሳል፤ ጠባሳው ሲሸበሸብ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ብሌኑን ይፍቃል። ይህን ሥቃይ ለማስታገስ እናቶች ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ ይነቅሉ ነበር፤ ወረንጦው ከአንገታቸው ማተብ ጋር ታስሮ የሚውልም አሉ። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት ውጤት ሲወጣ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ልጆች 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው፤ የአገሪቱ አማካይ 40 በመቶ ገደማ ነበር። ሽፋሽፍት የተቀለበሰባቸው አዋቂዎችም በአማራ 5.2 በመቶ ደርሰው ነበር። ከየትኛውም ክልል የከፋ ቁጥር ነው።

ከዚህ ጥናት በፊትም ሥራው ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2000 የካርተር ማዕከል ከላየንስ ክለቦች ጋር ሆኖ ከክልሉ ጤና ቢሮ ጎን የትራኮማ መከላከል ሥራ ሲጀምር የመረጣቸው የመጀመሪያ ወረዳዎች በደቡብ ጎንደር ነበሩ፤ እስቴና ስማዳ ከእነዚሁ መካከል ናቸው። ስልቱ አራት እግር አለው፦ ቀዶ ሕክምና፣ አንቲባዮቲክ፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ ንጽሕና። መጀመሪያ የነበረው አንቲባዮቲክ የቴትራሳይክሊን ቅባት ነው። ቅባቱን ቀን በቀን ሁለት ጊዜ ለስድስት ሳምንት መቀባት ያስፈልጋል፤ ዓይን ያቃጥላል፣ እይታም ያደበዝዛል። ሥራ የበዛባት እናት ለአራትና ለአምስት ልጅ ይህን ስድስት ሳምንት ሙሉ ታደርገዋለች ብሎ ያቀደ ሰው የገጠር ቤት ውስጥ ውሎ አያውቅም።

አዚትሮማይሲን ይህን ችግር ፈታ። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ1980 በዛግሬብ በፕሊቫ ኩባንያ የተፈጠረ ነው፤ ፋይዘር ፈቃዱን አግኝቶ ለዓለም ሸጠው። በጋምቢያ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ጥናት አንድ ጊዜ የሚዋጥ መጠን ከስድስት ሳምንት ቅባት እንደማያንስ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1998 ፋይዘርና የኤድና ማኮኔል ክላርክ ፋውንዴሽን ዓለም አቀፍ የትራኮማ ተቋም መሠረቱ፤ መድኃኒቱ በነፃ መጉረፍ ጀመረ። ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከኅዳር 2001 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ለሁለት ተከፍሎ በየዓመቱ የወባና የትራኮማ ሳምንት ይካሄድ ጀመር። በዚያ ሳምንት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ መምህራን፣ ተማሪዎችና የቀበሌ ሰዎች ተሰማርተው ትኩሳት ያለበትን ለወባ ይመረምራሉ፤ አዚትሮማይሲኑን ግን ለሁሉም ይሰጣሉ። አንድ አንቲባዮቲክ በዚህ ስፋት ለአንድ ገጠር ሕዝብ የታደለበት ጊዜ በዓለምም ብዙ አይገኝም።

የታሪኩ እምብርት ግን ከአባይ ማዶ ነው። ጎንቻ ሲሶ እነሴ የምሥራቅ ጎጃም ወረዳ ሲሆን በሰሜን አባይ ከደቡብ ጎንደር ይለየዋል። ከሞጣ አቅጣጫ ወደ እስቴ ወገን የሚያሻግረው፣ በአፄ ፋሲለደስ ዘመን ተሠራ የሚባለው ሰባራ ድልድይ የሁለቱን ወገን ነጋዴና ሙሽራ ሲያመላልስ ኖሯል። የገደሉ ሁለት ጠርዝ ሰው በአኗኗሩ፣ በእርሻው፣ በልጆቹም ዓይን አይለያይም። ስለዚህ በጎንቻ የተመዘገበው ነገር ለእስቴና ለስማዳ ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ አይደለም።

በግንቦት 1998 ዓ.ም. የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፕሮክተር ፋውንዴሽን ተመራማሪዎች፣ የካርተር ማዕከልና የክልሉ ጤና ቢሮ በጎንቻ ሲሶ እነሴ 72 ንዑስ ቀበሌዎችን በዕጣ መደቡ። በአንዳንዶቹ ሕዝቡ በሙሉ በዓመት አንድ ጊዜ ይወስዳል፤ በሌሎቹ ሁለት ጊዜ። በ12 ንዑስ ቀበሌዎች የሚወስዱት ከ1 እስከ 10 ዓመት ያሉ ልጆች ብቻ ሆነው በየሦስት ወሩ ይሰጣቸዋል። ሌሎች 12 ደግሞ ለንጽጽር ሕክምናው ለአንድ ዓመት ዘገየላቸው። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ስሙ ምሕጻረ ቃል «ጣና» ተባለ።

ውጤቱ ለሐኪም የሚያስደስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በላንሴት መጽሔት እንደወጣው በየሦስት ወሩ በተሰጣቸው መንደሮች በልጆች ዓይን ላይ የነበረው ኢንፌክሽን በአንድ ዓመት ውስጥ ከ48.4 በመቶ ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። መድኃኒቱን ባልወሰዱት ትልልቆችም ዘንድ ኢንፌክሽኑ ቀነሰ፤ ልጆቹ ሲጸዱ የሚያስተላልፍ አነሰ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሁለተኛው ዋና ጽሑፍ፣ ዶክተር ተሾመ ገብሬ ቀዳሚ ጸሐፊ የሆኑበት፣ በዓመት አንድ ጊዜና ሁለት ጊዜ መስጠት ከ42 ወራት በኋላ ብዙ ልዩነት እንዳላመጣ አሳየ፤ አንዱ 1.9፣ ሌላው 3.2 በመቶ ላይ ደርሰዋል። ለመድኃኒት ቆጣቢ ይህ ትልቅ ዜና ነው፦ ግማሹ ይበቃል።

ይሁንና ተመራማሪዎቹ ከዓይን ሌላ የልጆቹን አፍንጫም መረመሩ። በአፍንጫ ጉሮሮ ጀርባ ስትሬፕቶኮከስ ኒሞኒዬ የሚባለው ባክቴሪያ ይኖራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ሲነሣ ግን የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 በፕሎስ ሜዲሲን የታተመው ጽሑፍ እንደመዘገበው በእነዚያው በየሦስት ወሩ በሚታከሙ መንደሮች አዚትሮማይሲን የማይነካው ባክቴሪያ የተገኘባቸው ልጆች በመጀመሪያ 3.6 በመቶ ነበሩ፤ ከዓመት በኋላ 46.9 በመቶ ሆኑ። ባልታከሙት መንደሮች 9.2 በመቶ ነበር። የሁለቱ ጽሑፎች ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲታዩ ዓይን ይይዛሉ፤ አንዱ ከ48.4 ወደ 3.6 ሲወርድ ሌላው ከ3.6 ወደ 46.9 ወጣ። መገጣጠሙ የአጋጣሚ ነው፤ የሚለኩት ነገርም ሁለት የተለያየ ባክቴሪያ፣ ሁለት የተለያየ የአካል ክፍል ነው። ቢሆንም የአንድ ዓመት፣ የአንድ መድኃኒት፣ የአንድ ወረዳ ልጆች ሂሳብ ነው።

አንድ ነገር ሳይነካ ቀረ። የፔኒሲሊን መላመድ በታከሙትና ባልታከሙት መንደሮች መካከል ልዩነት አላሳየም። ለገጠር ጤና ባለሙያ ይህ ከሁሉ የሚጠቅም መረጃ ነው፤ የሳንባ ምች ለያዘው ልጅ የሚሰጠው አሞክሲሲሊን ከፔኒሲሊን ወገን ስለሆነ የዘንጉ መድኃኒት ይህን በር አልዘጋበትም። የትራኮማው ባክቴሪያም ራሱ አዚትሮማይሲንን መልመዱ አልታየም።

የጥናቱ ሦስተኛ ውጤት ያልተጠበቀ ነበር። ተመራማሪዎቹ ቆጠራ ያደረጉት ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ቆጠራውን ከዓመት በኋላ ሲያስተያዩ ግን የሞት ልዩነት አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት በታተመው ስሌት መሠረት ባልታከሙት መንደሮች ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ 1,000 ልጆች በዓመት 8.3 ሲሞቱ በታከሙት 4.1 ሞቱ፤ በግማሽ ያህል ያነሰ ነው። መድኃኒቱ ለዓይን ተብሎ የተሰጠ ቢሆንም የሳንባ ምችን፣ የተቅማጥንና የሌላ ኢንፌክሽንን ሞት ሳይመታ አልቀረም። ይህን ተከትሎ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ የተሠራው ሰፊ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ሲታተም በሕፃናት ሞት 13.5 በመቶ ቅናሽ አሳየ፤ ቁጥሩ ከጎንቻው ቢያንስም አቅጣጫው አንድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለሁሉም ይሰጥ አላለም፤ የሕፃናት ሞት እጅግ በበዛበት ቦታ ከ1 እስከ 11 ወር ላሉ ሕፃናት ብቻ ሊታሰብ ይችላል አለ። የፈራው መላመድን ነው።

እዚህ ላይ የሆስፒታል ሕግና የገጠር ሕግ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። በሆስፒታል አንቲባዮቲክ በአግባቡ ታዘዘ የሚባለው ለዚህ ታማሚ፣ ለዚህ ደዌ፣ በዚህ መጠን፣ ለዚህን ያህል ቀን ሲሰጥ ነው። ከዚህ መስፈርት አንጻር የጎንቻ አሰጣጥ አንዱንም አያሟላም። ልጆች ግን ከሞት ተርፈዋል፤ ዓይንም ተርፏል። ስለዚህ «አላግባብ» የሚለውን ቃል በእነዚህ ወረዳዎች ላይ ከመጣል በፊት ሂሳቡን መሥራት ያስፈልጋል። በሌላ በኩል 46.9 በመቶ የሚለውን ቁጥር አይቶ «ለበጎ ሥራ ነው» ብሎ ማለፍም የታሪክ ጸሐፊ ሥራ አይደለም። ቀደም ብሎ በጉራጌ የታከሙ መንደሮች ተከታታይ ምርመራ እንዳሳየው ማደሉ ሲቆም የተላመደው ባክቴሪያ በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ ቀንሷል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም።

የደቡብ ጎንደርን ወረዳዎች በተመለከተ ደግሞ ማቆሙ በቀላሉ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2011 የዞኑ ወረዳዎች በንዑስ ወረዳ ደረጃ ተጠኑ፤ ጥያቄው ከዓመታት እደላ በኋላ የት ሊቆም ይችላል የሚል ነው። ከ1 እስከ 9 ዓመት ባሉ ልጆች የተገኘው የትራኮማ ስርጭት ከቦታ ቦታ እጅግ የተራራቀ ሆነ፤ በአንዱ ከ1 በመቶ በታች፣ በሌላው ከ70 በመቶ በላይ። ለማቆም ከሚያበቃው ከ5 በመቶ በታች የወረዱት ሦስት ንዑስ ወረዳዎች ብቻ ነበሩ። የተቆፈረው ሽንት ቤት ወዲያው ይፈርሳል፤ ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት ቦታ «ፊታችሁን ታጠቡ» የሚል ትምህርት ከእንስራው ጋር ይጋጫል። ከአራቱ እግር አንቲባዮቲኩ ብቻ በዓመት በዓመቱ ሳይዛነፍ ደረሰ፤ ምክንያቱም እሱ በመርከብ ይመጣል፣ ውኃው ግን በቦታው መገኘት አለበት።

በዚሁ ጊዜ በቀበሌ ደረጃ አንድ የሚያስገርም ነገር ይካሄድ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት፣ አስረኛ ክፍል የጨረሱና ለአንድ ዓመት የሠለጠኑ ሴቶችን መደበ። እነዚህ ሴቶች በትራኮማ ሳምንት ለቀበሌያቸው ሰው ሁሉ አዚትሮማይሲን ያድሉ ነበር። የሳንባ ምች ይዞት በፍጥነት የሚተነፍስ ሕፃን በዚያው ሳምንት ወደ ጤና ኬላቸው ቢመጣ ግን ኮትሪሞክሳዞል እንዲሰጡ አልተፈቀደላቸውም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት ተብለዋል። ለእገዳው ከነበሩት ምክንያቶች አንዱ አንቲባዮቲክ በዝቅተኛ ባለሙያ እጅ ከገባ ያለ አግባብ ይሰጣል፣ መላመድንም ያመጣል የሚል ሥጋት ነው። እገዳው በኋላ ተነሣ፤ ቀጥሎም አሞክሲሲሊን፣ ከዚያም ለአራስ ሕፃን ጄንታማይሲን መርፌ ተፈቀደላቸው። አንቲባዮቲክ ለጤነኛው ተፈቅዶ ለታመመው የተከለከለበት ያ ዘመን በሕጎቹ ላይ ተጽፎ አናገኘውም፤ የእደላውንና የጤና ኬላውን መመሪያዎች አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ይጠይቃል።

ሆስፒታሎቹ የመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ነፋስ መውጫ፣ መካነ ኢየሱስና ወገዳ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አገኙ፤ የደብረ ታቦሩ አድጎ የማስተማሪያ ሆነ። ከሆስፒታል ጋር ሴፍትሪያክሶን መጣ። ሴፍትሪያክሶን በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ተኝተው ለሚታከሙ በብዛት የሚታዘዝ አንቲባዮቲክ ነው፤ እሱም እንደ አዚትሮማይሲን አጠቃቀሙ ሊጠበቅ ይገባል ከተባለው ወገን ነው። ምክንያቱን ለመረዳት በወጣት ሐኪም ቦታ መቆም ይበቃል። ማታ ትኩሳት ያለበት፣ ራሱን የሳተ ሰው ከገጠር ተሸክመው ያመጡለታል። የካልቸር ምርመራ የለም፤ ናሙና ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ቢላክ ውጤቱ እስኪመለስ ታማሚው ወይ ድኗል ወይ ሞቷል። ሴፍትሪያክሶን ብዙ ነገር ይመታል፤ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይሰጣል፤ በመድኃኒት ቤቱም አለ። በዚያ ሌሊት ሌላ ነገር ማዘዝ ድፍረት ይጠይቃል። አገር አቀፉ የመላመድ ክትትል ራሱ በጥቂት ጣቢያዎች የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ስለሆነ በየአካባቢው የትኛው ጀርም የትኛውን መድኃኒት ለመደ የሚል ሠንጠረዥ ሐኪሙ እጅ ላይ አልነበረም።

የሌሎች ከተሞች ሰነድ የችግሩን መጠን ያሳያል። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል 1,290 ማዘዣዎች ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው ጥናት 58.1 በመቶው አንቲባዮቲክ ነበረባቸው፤ እንደ መለኪያ የሚጠቀሰው ከ20 እስከ 26.8 በመቶ ነው። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ደግሞ ፋርማሲስቶች የየክፍሉን ማዘዣ እየተከታተሉ ለሐኪሞቹ አስተያየት የሚሰጡበት ሥራ ተሞክሮ፣ ከታዘዙት አንቲባዮቲኮች ግማሽ ያህሉ የማያስፈልጉ ሆነው ተገኙ። ክትትሉ ሲቋረጥ አጠቃቀሙ እንደገና አሻቀበ። ከእነዚህ ሁለተኛው ለእኔ ይበልጥ ይናገራል። ሐኪሞቹ ዕውቀት አልጎደላቸውም፤ የጎደላቸው በየቀኑ አጠገባቸው ቆሞ «ይህ ይቅር» የሚል ባልደረባ ነው። አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ያንን የሚሠራ ፋርማሲስት ከእደላ መስኮት ላይ ነጥሎ ለማውጣት ሰው ያንሰዋል።

በዓይን ሕክምናው በኩል በአግባቡ የታዘዘ አንቲባዮቲክ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ምሳሌም አለ። በወላይታ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ሽፋሽፍታቸው ተቀልብሶ ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸው ሰዎች ከቀዶው በኋላ አንድ መጠን አዚትሮማይሲን መስጠት ቁልበቱ እንዳይመለስ በአንድ ሦስተኛ ያህል እንደሚረዳ አሳየ። ታማሚው ይታወቃል፣ ምክንያቱ ይታወቃል፣ ውጤቱም ተለክቷል። መድኃኒቱ ያው፣ መጠኑ ያው ነው።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ግን ስለ አግባብ መነጋገር ራሱ ቅንጦት ሆነ። በጦርነቱ የትግራይ ኃይሎች ነፋስ መውጫን ለዘጠኝ ቀናት ይዘው ቆዩ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ባወጣው ዘገባ እንደመዘገበው በከተማዋ ሴቶች በታጣቂዎች ተደፈሩ፤ ሆስፒታሉም መድኃኒቱና መሣሪያው ተዘርፎ ስለነበር ከዚያ በኋላ ሊደረግላቸው የሚገባውን ሕክምና ወዲያው ማግኘት አልቻሉም። ያ ሕክምና የኤች.አይ.ቪ. መከላከያና የአባላዘር በሽታን የሚከላከል አንቲባዮቲክን ይጨምራል፤ ሰዓቱ ካለፈም ጥቅሙ ይቀንሳል። የመድኃኒት መብዛት ሥጋት በሆነበት ወረዳ ጥቂት መጠን በሚያስፈልግበት ሰዓት አልተገኘም። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በክልሉ የተነሣው ሌላ ጦርነት ደግሞ የእደላውንም የሆስፒታሉንም ሥራ እያስተጓጎለው ይገኛል።

የትራኮማው ሥራ ባልተሳካበት ቦታ አሁን የሚሞከረው ለልጆች የሚሰጠውን ዙር መጨመር ነው። ከእስቴ ተከፍሎ ወረዳ የሆነው አንዳቤት በሽታው እምቢ ካላቸው ቦታዎች አንዱ ሆኖ ለልጆች ተጨማሪ ዙር የሚሰጥበት ጥናት ተጀምሮበታል። በዓለም ጤና ድርጅት ደንብ የት እንደሚቀጥል፣ የት እንደሚቆም የሚወሰነው ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች የላይኛው ቆብ ተገልብጦ ነው። ከ30 በመቶ በላይ ከሆነ ቢያንስ አምስት ዓመት፣ ከ10 እስከ 29.9 ከሆነ ሦስት ዓመት፣ ከ5 እስከ 9.9 ከሆነ አንድ ዙር ይሰጣል፤ ከ5 በመቶ በታች ሲወርድ ይቆማል። በጎንቻ የተመረመረው አፍንጫ በዚህ ደንብ ውስጥ ቦታ የለውም፤ በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ የሳንባ ምች ይዞት የተኛ ልጅ ምን ዓይነት ባክቴሪያ እንደያዘም አይጠይቅም።